ክሮሚየም የሚጠብቀው፣ ክሮሚየም የሚበላው

ጠጣር አካል ለጫና የሚሸነፍበት መንገድ አንድ ብቻ አይደለም። በ1953 ዓ.ም ግንቦት ማብቂያ ላይ ካራቆሬን የመታው፣ መጀቴን ያፈራረሰውና ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚወስደውን ዋና መንገድ የሰነጣጠቀው የመሬት መንቀጥቀጥ የመጀመሪያውን መንገድ ያሳያል፤ ለረጅም ዘመን ውጥረት ያጠራቀመ ቀዝቃዛ ዐለት አቅሙ ሲሟጠጥ በሴኮንዶች ውስጥ ተሰብሮ ይንሸራተታል። ሁለተኛው መንገድ ግን ካራቆሬና መጀቴ ካሉበት ከይፋት ቆላ ሥር፣ ብዙ አሥር ኪሎ ሜትሮች ወደ ታች ተወርዶ የሚገኝ ነው፤ በዚያ ጥልቀት ያለው ዐለት አብዛኛው ሳይቀልጥና ጠጣርነቱን ሳይለቅ፣ እጅግ ስለሞቀ ብቻ፣ በዓመት በሚሊሜትርና በሴንቲሜትር በሚለካ ፍጥነት ይፈሳል።

ይህ ሁለተኛው ዓይነት ሽንፈት በምሕንድስና ክሪፕ ይባላል፤ አንድ ጠጣር አካል ወዲያውኑ ሊያጎብጠው ወይም ሊሰብረው ከሚችለው ያነሰ ጫና ተሸክሞ፣ ጫናው ሳይጨመርበት፣ በጊዜ ብዛት ብቻ ቅርጹን የሚለውጥበት አዝጋሚ ሂደት ነው። ዐለትም ሆነ ብረት ለዚህ የሚጋለጠው ሙቀቱ ከራሱ የማቅለጫ ነጥብ ጋር ሲነጻጸር ከፍ ሲል ነው፤ ከፍጹም ዜሮ ተነሥቶ በሚቆጥረው በኬልቪን መለኪያ የማቅለጫው ነጥብ አራት አሥረኛ አካባቢ ሲደረስ ክሪፕ ችላ የማይባል ይሆናል። ንጹሕ ብረት በ1538 ዲግሪ ሴልሲየስ ስለሚቀልጥ ለእርሱ ወሰኑ ወደ 450 ዲግሪ ይጠጋል፤ በሌላ አነጋገር የሸዋ ሮቢት የቀትር ሐሩር በዚህ ረገድ ለአረብ ብረት ከደጋ ውርጭ የሚለይ አይደለም። እርሳስ ግን በ327 ዲግሪ ስለሚቀልጥ በተራ የክፍል ሙቀት እንኳ ከወሰኑ ያለፈ ነው፤ እንግሊዛዊው የፊዚክስ ሊቅ ኤድዋርድ አንድሬድ እ.ኤ.አ. በ1910 ሂደቱን በሥርዓት መርምሮ ጽሑፍ ሲያወጣ የእርሳስ ሽቦዎችን መጠቀሙ ከዚህ አንጻር የሚያስገርም አይሆንም። የጋለ ሽቦ ክብደት ተንጠልጥሎበት ሲቆይ በመጀመሪያ ፈጠን ብሎ ይለጠጣል፣ ከዚያ ዝግ ይልና ለረጅም ጊዜ በዝግታው ይቀጥላል፣ በመጨረሻ ግን እንደገና እየፈጠነ ሄዶ ይበጠሳል፤ የመሐንዲሱ ጥረት ሁሉ ያንን የመካከለኛውን ዝግታ በተቻለ መጠን ማስረዘም ነው።

ኢትዮጵያ አብዛኛውን የኤሌክትሪክ ኃይሏን የምታገኘው ከውኃ በመሆኑ ጉዳዩ ሩቅ ሊመስል ይችላል፤ ሆኖም በግፊት የታመቀ እንፋሎት በሚሠራባቸው ስፍራዎች ሁሉ በመጠኑም ቢሆን ይነሣል። ባጋስ፣ ማለትም የተጨመቀ የሸንኮራ አገዳ ገለባ፣ እያቃጠሉ እንፋሎትና ኤሌክትሪክ የሚያመርቱት የስኳር ፋብሪካዎች፣ ማለትም በ1946 ዓ.ም ሥራ ከጀመረው ከወንጂ አንሥቶ ከይፋት ቆላ በስተ ደቡብ በአፋር ሜዳ ላይ እስከ ተተከለው እስከ ከሰም ድረስ ያሉት፣ እንዲሁም በነሐሴ 2010 ዓ.ም አዲስ አበባ በቆሼ የቆሻሻ መጣያ አጠገብ የተመረቀውና በቀን 1,400 ቶን ቆሻሻ እንዲያቃጥል የታቀደው የረጲ ማመንጫ የዚህ ዓይነት ስፍራዎች ናቸው። እርግጥ ነው፣ ቆሻሻ የሚያቃጥሉ ቦይለሮች በጭሱ ውስጥ ያለው ክሎሪን ቱቦውን እንዳይበላው ሲባል በዓለም ዙሪያ እንፋሎታቸውን በአብዛኛው ከ400 ዲግሪ አካባቢ ብዙም አያሳልፉም፤ የስኳር ፋብሪካ ቦይለሮችም ቢሆኑ 600 ዲግሪ አይደርሱም። ነገር ግን በእሳቱና በእንፋሎቱ መካከል ያለው የቱቦ ግድግዳ ዘወትር ከእንፋሎቱ የበለጠ ይሞቃል፤ በውስጡ ቅርፊት ሲጋገርበት ደግሞ የበለጠ ይግላል፤ ስለዚህ በወረቀት ላይ ከክሪፕ ወሰን በታች የሆነ ቱቦ በተግባር ወሰኑን አልፎ ሊገኝ ይችላል። ችግሩ በሙሉ ገጽታው የሚታየው ግን እንፋሎታቸውን ወደ 600 ዲግሪ በሚያደርሱት የውጭ አገር ታላላቅ የሙቀት ኃይል ማመንጫዎች ውስጥ ነው፤ በዚህ ምዕራፍ የሚተነተነው ከክሮሚየም ጋር የተቀላቀለው አረብ ብረትም ዋና አገልግሎቱ በእነርሱ ውስጥ ነው።

ብረት ሳይሰበር እንዴት እንደሚለጠጥ ለመረዳት ወደ ውስጡ መግባት ያስፈልጋል። ብረት በሥርዓት የተደረደሩ አቶሞች ስብስብ ነው፤ ድርድሩ ግን ፍጹም አይደለም፤ በየቦታው አንድ የአቶሞች ረድፍ ጀምሮ መሐል ላይ የሚቋረጥባቸው፣ ዲስሎኬሽን የሚባሉ የመሥመር ጉድለቶች አሉበት። በወለል ላይ የተነጠፈ ሰፊ ሰሌን በሙሉ ከሚጎተት ይልቅ አንድ እጥፋት ተበጅቶለት እጥፋቱ ከዳር እስከ ዳር ቢገፋ በቀላሉ ቦታውን እንደሚለቅ፣ የአቶሞች ንጣፍም እርስ በርሱ የሚንሸራተተው በእነዚህ ጉድለቶች ጉዞ አማካይነት ነው፤ ይህን እ.ኤ.አ. በ1934 ቴይለር፣ ኦሮዋንና ፖላኒ በየፊናቸው አስረድተዋል። በቀዝቃዛ ብረት ውስጥ የሚጓዝ ዲስሎኬሽን እንቅፋት ሲገጥመው ይቆማል። ሙቀቱ ሲጨምር ግን አቶሞች ከቦታ ቦታ መዝለል ስለሚችሉ መሥመሩ አቶም እየጣለ ወይም እየተቀበለ ወደ ላይ ወደ ታች ይወጣል ይወርዳል፤ እንቅፋቱንም ዘሎት ያልፋል። ክሪፕ ማለት በመሠረቱ ይህ ነው፤ በቅዝቃዜ የማይታለፍ የነበረ አጥር ጊዜ ሲያገኝ መታለፉ ነው። እንግዲህ የጋለ ብረትን ማጠንከር ማለት አጥር መሥራት ብቻ ሳይሆን አጥሩ በሙቀቱ ውስጥ ለዓመታት እንዳይፈርስ ማድረግ ጭምር ነው፤ ከባዱም ሥራ ሁለተኛው ነው።

ዘጠኝ በመቶ ያህል ክሮሚየም የያዘው አረብ ብረት አጥሩን የሚሠራው አንጥረኛ ማጭድ ሲያጠነክር ከሚያደርገው በመሠረቱ በማይለይ መንገድ ነው። ብረቱ ከ1,040 ዲግሪ በላይ ሲሞቅ ካርቦኑንና ሌሎች ንጥረ ነገሮችን በውስጡ አሟሙቶ የሚይዝ ኦስቴናይት የተባለ አደረጃጀት ይይዛል፤ ሲቀዘቅዝ ደግሞ አቶሞቹ ተረጋግተው ቦታቸውን ለመያዝ ፋታ ስለማያገኙ ማርቴንሳይት ወደሚባል እጅግ የታጨቀና የተወጠረ መዋቅር በድንገት ይለወጣል። አንጥረኛው ይህን ለማግኘት ብረቱን ውኃ ውስጥ መንከር አለበት፤ ክሮሚየም በበዛበት ብረት ግን ለውጡ ስለሚዘገይ በአየር ላይ ማቀዝቀዝ ይበቃል። ማርቴንሳይቱ እንደዚሁ ቢተው እንደ ሸክላ ይሰበራልና ከ730 እስከ 780 ዲግሪ በሚደርስ ሙቀት እንደገና ለሰዓታት ተሞቆ እንዲለዝብ ይደረጋል። ከዚህ በኋላ በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ሲታይ፣ በቀድሞዎቹ ትልልቅ የኦስቴናይት ቅንጣቶች ውስጥ ጥቅሎች፣ በጥቅሎቹ ውስጥ ስፋታቸው ከሚሊሜትር አንድ ሺህኛ የሚያንሱ ቀጫጭን ሽብልቆች፣ በሽብልቆቹ ውስጥ ደግሞ የተጠላለፉ ዲስሎኬሽኖች ይገኛሉ። የዚህ ብረት የክሪፕ ጥንካሬ ዋና ምንጭ የእነዚህ የቀጫጭን ሽብልቆች ወሰን ነው፤ ወሰኖቹ እየተራራቁ ሽብልቆቹ ሲወፍሩ ብረቱ ይዳከማል።

ወሰኖቹን በቦታቸው ቸንክረው የሚይዟቸው በለዘበው ብረት ውስጥ የሚፈጠሩ ሁለት ዓይነት ደቃቅ ዝቃጮች ናቸው። አንደኛው በወሰኖቹ ላይ የሚሰፍረው፣ ውፍረቱ አንድ መቶ ናኖሜትር አካባቢ የሆነው የክሮሚየም ካርባይድ ነው፤ አንድ ሚሊሜትር አንድ ሚሊዮን ናኖሜትር መሆኑን ማስታወስ ይገባል። ሁለተኛው ቫናዲየምና ኒዮቢየም ከናይትሮጅንና ከካርቦን ጋር ተጣምረው የሚሠሩት፣ ከሃያ እስከ ሃምሳ ናኖሜትር ብቻ የሚሆን፣ በሽብልቆቹም ውስጥ የሚበተን ናይትራይድ ነው። ትንሽነታቸው የጥንካሬያቸው ምሥጢር ነው፤ የንጥረ ነገሩ መጠን ሳይለወጥ ዝቃጮቹ ትናንሽና ብዙ ሲሆኑ በመካከላቸው ያለው ክፍተት ይጠባል፣ ዲስሎኬሽኑም መውጫ ያጣል። ነገር ግን ተፈጥሮ ብዙ ትናንሽ ዝቃጮችን አትወድም፤ ትናንሾቹ እየሟሙ ትልልቆቹ እየወፈሩ ይሄዳሉ። የዚህን ሂደት ሕግ ሊፍሺትዝና ስልዮዞቭ በአንድ በኩል፣ ዋግነር በሌላ በኩል እ.ኤ.አ. በ1961፣ ማለትም ካራቆሬ በተናወጠችበት በዚያው ዓመት፣ ለዓለም አደረሱ፤ የአማካይ ዝቃጭ ግማሽ ስፋት በሦስተኛ ኃይል ከጊዜ ጋር ይመጣጠናል፤ ስለዚህ አንድ ዝቃጭ መጠኑን እጥፍ ለማድረግ ወደ ስምንት እጥፍ ጊዜ ያስፈልገዋል። ሕጉ አጽናኝ ይመስላል፤ በውስጡ ያለው የአቶሞች ዝውውር ፍጥነት ግን ከሙቀት ጋር በጣም ስለሚንር ጥቂት ዲግሪዎች ብዙ ዓመታት ይበላሉ።

ይህን በቁጥር ለማየት ላርሰንና ሚለር እ.ኤ.አ. በ1952 ያቀረቡትን ቀመር መጠቀም ይቻላል፤ ቀመሩ የኬልቪን ሙቀትን በሃያና በጊዜው ሎጋሪዝም ድምር አባዝቶ አንድ ቁጥር ያወጣል፣ በአንድ ዓይነት ጫና ሥር ብረቱ የሚበጠሰውም ይህ ቁጥር በደረሰ ጊዜ ነው ብሎ ይገምታል። በ600 ዲግሪ 100,000 ሰዓት፣ ማለትም ያለማቋረጥ ከ11 ዓመት በላይ የሚቆይ ቱቦ፣ በ610 ዲግሪ ቢሠራ በዚሁ ስሌት ዕድሜው ወደ 52,000 ሰዓት ይወርዳል። አሥር ዲግሪ ዕድሜውን በግማሽ ገደማ ቀነሰው ማለት ነው። የቦይለር ሠራተኛ ቴርሞሜትሩን አክብሮ መሥራት ያለበት ለዚህ ነው።

ለዚህ ቤተሰብ መለኪያ የሆነው ፒ 91 የተባለው ብረት እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በአሜሪካ በኦክ ሪጅ ብሔራዊ ላቦራቶሪ የተዘጋጀው ለኒውክሌር ማብላያ ታስቦ ነበር። በውስጡ ከ8 እስከ 9.5 በመቶ ክሮሚየም፣ አንድ በመቶ ገደማ ሞሊብዲነም፣ ከ0.25 በመቶ የማይበልጥ ቫናዲየም፣ ከ0.1 በመቶ የማይበልጥ ኒዮቢየምና ከ0.07 በመቶ የማይበልጥ ናይትሮጅን ይገኛሉ፤ ከሁሉ የሚያንሱት ንጥረ ነገሮች ከሁሉ የሚበልጠውን ሥራ እንደሚሠሩ ልብ ይሏል። በ600 ዲግሪ 100,000 ሰዓት እስኪሞላ ሊሸከመው የሚችለው ጫና 90 ሜጋ ፓስካል አካባቢ ሲሆን፣ ከእርሱ በፊት የቦይለር ሠሪዎች መመኪያ የነበረው 2.25 በመቶ ክሮሚየም ያለው ብረት ግማሹን እንኳ አይሸከምም። በኋላ በጃፓን ከሞሊብዲነሙ ገሚሱ በተንግስተን ተተክቶና ጥቂት ቦሮን ተጨምሮበት የመጣው ፒ 92 ይህን ጫና ወደ 113 ሜጋ ፓስካል ከፍ አድርጎታል።

እዚህ ላይ የክሮሚየም ባሕርይ ሁለት ፊት ያሳያል። ክሮሚየም ወደ ብረቱ የሚገባበት የመጀመሪያ ምክንያት ጥንካሬ አይደለም፤ ከእንፋሎት ኦክሲጅን የሚከላከል ቀጭን የኦክሳይድ ሽፋን በብረቱ ገጽ ላይ እንዲሠራ ነው። ዘጠኝ በመቶ ክሮሚየም ከ600 እስከ 620 ዲግሪ ድረስ ሽፋኑን ይችለዋል፤ ከዚያ ሲያልፍ ግን ሽፋኑ ወፍራምና ተቀራፊ ይሆናል፤ የተቀረፈውም ቅርፊት ወይ ቱቦውን ይደፍናል ወይ ተርባይኑን ይቦረቡራል። ስለዚህ እንፋሎቱን ወደ 650 ዲግሪ ለማድረስ ሲታሰብ ክሮሚየሙን ወደ 11ና 12 በመቶ ማሳደግ ግልጽ መፍትሔ መሰለ። በጃፓንና በአውሮፓ በዚህ ሐሳብ የተሠሩት ብረቶች በመጀመሪያዎቹ ሺህ ሰዓታት ሙከራ በጣም ጥሩ ውጤት አሳዩ፤ ከዚያ በኋላ ግን የጥንካሬያቸው መስመር ማንም ባልጠበቀው ሁኔታ ወደ ታች ታጠፈ፤ አንዳንዶቹም ከፒ 92 ያነሱ ሆነው ተገኙ። ከአጭር ሙከራ ተነሥቶ የረጅም ዘመን ጥንካሬን መተንበይ ምን ያህል አታላይ እንደሆነ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ በዘርፉ ታሪክ ውስጥ ማግኘት ያስቸግራል፤ በላርሰንና ሚለር ቀመር ላይ መታመንም ልክ አለው፤ ቀመሩ ብረቱ በሙከራው መጀመሪያም መጨረሻም ያው አንድ ብረት ነው ብሎ ያስባልና።

ብረቱ ግን ያው አልነበረም። በዴንማርክ የጆን ሃልድና የሒልማር ዳንየልሰን ጥናቶች በሰፊው እንዳብራሩት፣ ጥፋተኛው ዜድ ፌዝ የተባለ ክሮሚየም፣ ቫናዲየም፣ ኒዮቢየምና ናይትሮጅን የተጣመሩበት ውሁድ ነው። በእነዚህ ብረቶች ውስጥ የመጨረሻው የተረጋጋ ናይትራይድ ይህ ውሁድ እንጂ ጥንካሬ የሚሰጡት ደቃቅ ናይትራይዶች አይደሉም፤ እነርሱ ቶሎ የመፈጠር ዕድል ስላገኙ ብቻ ቀድመው ቦታውን የያዙ ናቸው። በዙሪያቸው ያለው ክሮሚየም ቀስ በቀስ ወደ ውስጣቸው ይገባና ወደ ዜድ ፌዝ ይለውጣቸዋል፤ አንድ ትልቅ የዜድ ፌዝ ዝቃጭ በተወለደበት አካባቢ ደግሞ በርካታ ደቃቅ ናይትራይዶች ሟሙተው ይጠፋሉ። ክሮሚየሙ በበዛ ቁጥር ለውጡ ይፈጥናል፤ በ12 በመቶ ብረት ውስጥ በጥቂት ዓመታት የሚጠናቀቀው በ9 በመቶ ብረት ውስጥ እጅግ ብዙ ዘመን ይፈጃል። ከዝገት ሊጠብቅ የገባው ንጥረ ነገር የብረቱን ቸንካሮች በላ ማለት ነው። የእንፋሎት ዝገት 12 ሲጠይቅ ክሪፕ 9 ይጠይቃል፤ የዘርፉ ተመራማሪዎች ለሠላሳ ዓመት ያህል የተከራከሩበት ጉዳይ በአጭሩ ይኸው ነው።

ከዜድ ፌዝ ሌላ፣ ላቬስ የተባለው፣ ብረት ከሞሊብዲነም ወይም ከተንግስተን ጋር የሚሠራው ውሁድ አገልግሎት ከተጀመረ በኋላ የሚፈጠር ሲሆን፣ በእርሱ ላይ ያለው ፍርድ እስከ አሁን የተከፋፈለ ነው፤ ገና ደቃቅ ሳለ ወሰኖችን ይቸነክራል፣ ሲወፍር ግን ለጥቃቅን ጉድጓዶች መነሻ ይሆናል።

ከዚህ ሁሉ የበለጠ ተስፋ የሰጠው መንገድ ከብዛት ይልቅ በቦታ ላይ ያተኮረው ነው። በጃፓን የብሔራዊ የቁሳቁስ ሳይንስ ተቋም ተመራማሪ ፉጂዮ አቤና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2003 በኔቸር መጽሔት ባወጡት ጽሑፍ፣ በ9 በመቶ ክሮሚየም ብረት ውስጥ ካርቦኑን ወደ 0.002 በመቶ ዝቅ አድርገው ቶሎ የሚወፍረውን የክሮሚየም ካርባይድ ከናካቴው በማስቀረት፣ ወሰኖቹ ሁሉ በደቃቅ ናይትራይዶች ብቻ እንዲቸነከሩ አድርገው የክሪፕ ዕድሜን እጅግ ማራዘም እንደሚቻል አሳዩ። ካርቦን ከአረብ ብረት ውስጥ መቀነስ ለዘመናት ከተለመደው አስተሳሰብ ጋር የሚጋጭ በመሆኑ ውጤቱ ትኩረት ስቧል። የዚሁ ቡድን ሌላው መንገድ ቦሮን ነው፤ ቦሮን በቀድሞ የኦስቴናይት ቅንጣቶች ወሰን አካባቢ ባሉት ካርባይዶች ውስጥ ገብቶ እንዳይወፍሩ ያደርጋል። ነገር ግን ናይትሮጅኑ ከመጠን ካለፈ ቦሮኑን ይዞ ጥቅም የሌለው ትልልቅ የቦሮን ናይትራይድ ስለሚሠራ፣ ሁለቱ በሺህኛ በሚቆጠር በመቶኛ ተመዝነው መግባት አለባቸው፤ ይህ ሚዛን የሚሳካለት የብረት ማቅለጫ ቤት ሁሉ አይደለም።

እስካሁን የተባለው ሁሉ በፋብሪካ ተሠርቶ የወጣውን ቱቦ ይመለከታል። ቱቦ ግን ከቱቦ ጋር ይበየዳል፤ በተግባር የእነዚህ ብረቶች ደካማ ጎን የሚገኘውም እዚያ ነው። ብየዳው ሲቀልጥ ከአጠገቡ ያለው ብረት እንደየርቀቱ የተለያየ ሙቀት ይቀምሳል፤ ከብየዳው ጥቂት ሚሊሜትሮች ርቆ ያለ አንድ ጠባብ ንጣፍ ደግሞ ወደ ኦስቴናይት ለመለወጥ በቂ የሆነ፣ ዝቃጮቹን ለማሟሟት ግን ያልበቃ ሙቀት ያገኛል። ውጤቱ በጣም ደቃቅ ቅንጣቶች ያሉት፣ ሽብልቅ መዋቅሩ የጠፋበት፣ ካርባይዶቹም በወሰኖች ላይ ሳይሆን እንዳጋጣሚ የተበተኑበት ቀበቶ ነው። ደቃቅ ቅንጣት በቅዝቃዜ ብረትን እንደሚያጠነክር ማንኛውም የብረታ ብረት ተማሪ ያውቃል፤ በ600 ዲግሪ ግን ብዙ ወሰን ማለት አቶሞች የሚሾልኩበት ብዙ መንገድ ማለት ስለሆነ ያው ጥቅም ጉዳት ይሆናል። በዚህ ቀበቶ ላይ የሚታየው መሰንጠቅ ዓይነት አራት ይባላል፤ ቱቦው ራሱ ገና ብዙ ዕድሜ እያለው መገጣጠሚያው ቀድሞ ይከፈታል። የአቤ ዓይነት ቦሮን የበዛበት ብረት ያለው ሌላ ብልጫ፣ በብየዳ ሙቀት ጊዜ ቅንጣቶቹን ከመድቀቅ ማዳኑ ነው።

ስለዚህ እንዲህ ያለውን ብረት በዱሮው ቱቦ ልማድ የሚበይድ በያጅ፣ ስፌቱ ለዓይን ቢያምርም፣ መዋቅሩን ሊያጠፋው ይችላል። ከመበየዱ በፊት ወደ 200 ዲግሪ ገደማ ማሞቅ፣ ከተበየደ በኋላ ደግሞ በቁጥጥር እስከ 760 ዲግሪ አካባቢ አሙቆ ማለዘብ ግዴታ ነው፤ ከልኩ ካለፈ ብረቱ ይላላል፣ ከጎደለ ደግሞ ተሰባሪ ሆኖ ይቀራል። የተንቀሳቃሽ የጥንካሬ መለኪያ መሣሪያ በብሪኔል ሚዛን ከ190 በታች የሆነ ፒ 91 ካገኘ፣ መዋቅሩ ሽብልቅነቱን ማጣቱን መጠርጠር ይገባል። ሌላው ዘዴ የቱቦውን ገጽ አለስልሶ በአሲድ ካነከሱ በኋላ በቀጭን ፕላስቲክ ላይ አሻራውን ወስዶ በማይክሮስኮፕ መመርመር ሲሆን፣ ቱቦው ሳይቆረጥ የቅንጣቶቹን ወሰንና በላያቸው የጀመሩትን ጉድጓዶች ያሳያል። ለዓይነት አራት መሰንጠቅ ግን ይህም ዘዴ ብቻውን አይበቃም፤ በወፍራም ቧንቧዎች ላይ ጉድጓዶቹ መብዛት የሚጀምሩት በአብዛኛው ከገጹ በታች በግድግዳው ውስጥ በመሆኑ፣ ንጹሕ የሆነ አሻራ የተነሣለት መገጣጠሚያ በአልትራሳውንድ ጭምር መፈተሽ ይኖርበታል።